ሰማይ ብስክሌት አይሰብርም



የማቻከል ወረዳዋን ከተማችንን አማኑኤልን ሰንጥቆ በሚያልፈው አስፋልት ላይ፣ ሰላም በነበረባቸው ዓመታት፣ የካቲት ገደማ ቁምጣ የለበሱ ፈረንጆች በብስክሌት ተከታትለው ሲያልፉ ያያችሁ ብዙ ናችሁ። ቱር ዳፍሪክ ይባላል። ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ የሚካሄድ ጉዞ ነው፤ ከካይሮ ተነሥቶ 12,000 ኪሎ ሜትር ያህል አቆራርጦ ኬፕታውን ላይ ያበቃል። ጎንደርንና ባሕር ዳርን አልፈው በእኛ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ይዘልቁ ነበር፤ የዓባይ በረሃ ዳገት ላይ ሲደርሱ ደግሞ ሰዓት እየተያዘላቸው ይሽቀዳደሙ ነበር። ልጆቻችን «ዩ! ዩ!» እያሉ ተከትለዋቸዋል። ድንጋይ የወረወሩም አልጠፉም። መንገደኞቹ ይህንን አገራቸው ገብተው ጽፈውታልና ማፈር ካለብን እንፈር።

እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ሌላ ነገር ነው። እነዚያ ብስክሌቶች ካይሮ የደረሱት ተነድተው አይደለም። ከካናዳ፣ ከእንግሊዝ፣ ከሆላንድ በካርቶን ታሽገው፣ በአውሮፕላን ሆድ ተጭነው ነው የመጡት። ኬፕታውን ሲደርሱ እንደገና ይፈታሉ፣ እንደገና ይታሸጋሉ፣ እንደገና ይበራሉ። ስለዚህ በአማኑኤል አስፋልት ያለፈው ብስክሌት ሁሉ አንድ ጊዜ ሻንጣ ነበር፤ ኋላም ሻንጣ ይሆናል።

የእኛም ሰዎች ይህን መንገድ ያውቁታል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ፣ በ1949 ዓ.ም ሜልቦርን ላይ፣ የላከችው ሯጮችን ብቻ አልነበረም። ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ነጉሤ መንግሥቱና ፀሐዬ ባህታ በብስክሌት ተወዳድረዋል። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ 4 ዓመት በፊት መሆኑ ነው፤ ግን ስንቶቻችን እናስታውሳቸዋለን? ከዚያ ወዲህ በ2008 ዓ.ም ክረምት ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2018 ዓ.ም መስከረም ደግሞ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ምድር ላይ፣ ኪጋሊ ተካሄደ። ሯጭ ጫማውን በእጅ ቦርሳው ከቶ ይሄዳል። ብስክሌተኛ ግን ከውድድሩ በፊት ሌላ ውድድር አለበት፤ ያም ብስክሌቱን ሙሉ አካሉን ይዞ ማድረስ ነው።

ለእናንተ ጉዳዩ ከዚህም ይቀርባል። ዋሽንግተን፣ ዴንቨር፣ ለንደን ወይም ስቶክሆልም ያለ ወንድም ወይም እኅት፣ «ለልጁ ብስክሌት ይዤለት ልምጣ ወይ?» ብሎ የደወለላችሁ እዚህ ውስጥ አላችሁ። መልሳችሁ ብዙ ጊዜ፣ «ኧረ ተወው፣ ይሰበራል፤ ጎማውም ሰማይ ላይ ይፈነዳል» የሚል ነው። ከዚህ መልስ ግማሹ ትክክል ነው፤ ግማሹ ግን ስሕተት ነው። ከስሕተቱ ልጀምር።

ጎማው አይፈነዳም። «አውሮፕላኑ ከፍ ሲል አየሩ ይሳሳል፣ ጎማው ይነፋል፣ ከዚያ ዷ!» ይባላል። አየሩ መሳሳቱ እውነት ነው። ነገር ግን የመንገደኛ አውሮፕላን የጭነት ክፍል እንደ መንገደኛው ክፍል ሁሉ አየር የሚሞላ፣ የታሸገ ክፍል ነው። አውሮፕላኑ 11,000 ሜትር ላይ ቢበርም ውስጡ ያለው አየር ቢበዛ የ8,000 ጫማ ከፍታ አየር እንዲሆን ተደርጎ ነው የሚሠራው። 8,000 ጫማ በእኛ መለኪያ ስንት ነው? 2,438 ሜትር። ደብረ ማርቆስ ስንት ላይ ነች? 2,440ዎቹ ውስጥ። አማኑኤልም ከዚያ ብዙ አትርቅም።

ይህን ነገር መጀመሪያ ሳስብበት ለብቻዬ ስቄአለሁ። ዓለም ሁሉ «የሰማይ አየር» እያለ የሚፈራው አየር፣ እኛ ተወልደን ያደግንበት፣ ዛሬም እዚህ አዳራሽ ውስጥ የምንተነፍሰው ነው። ድሪምላይነር የሚባለው ቦይንግ 787 ደግሞ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2004 ዓ.ም ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው፣ የውስጥ አየሩን ከዚህም ዝቅ አድርጎ በ6,000 ጫማ ይይዛል፤ ይህም 1,829 ሜትር ነው፤ ባሕር ዳር ማለት ነው። ስለዚህ በድሪምላይነር ሲመጣ ብስክሌቱ ባሕር ዳር ሰነበተ፣ በሌላው ሲመጣ ደብረ ማርቆስ ሰነበተ በሉ።

በቁጥር ላሳያችሁ። ባሕር ጠረፍ ላይ አየሩ በያንዳንዷ ኢንች ካሬ 14.7 ፓውንድ ያህል ይጫናል፤ ይህ ጎማ የሚነፉ ልጆች «ፒኤስአይ» የሚሉት መለኪያ ነው። እዚህ እኛ ጋ 11 ገደማ ነው። ዋሽንግተን ላይ 60 ተነፍቶ የተነሣ ጎማ አውሮፕላኑ ውስጥ 64 ገደማ ቢሆን ነው። አማኑኤል ሲደርስም ቢለካ ያው 64 ነው። አየር ላይ የሚፈነዳ ቢሆን ኖሮ እዚህ ቤታችሁ ቆሞም በፈነዳ ነበር። ከዚህ የሚሄደው ደግሞ ጭራሽ ይላላል፤ አማኑኤል 60 የተነፋ ለንደን ሲወርድ 56 ገደማ ይሆናል። ክፉ ክፉውን እናስብና የጭነት ክፍሉ አየር በሙሉ ቢያመልጥ እንኳ፣ በ11,000 ሜትር ላይ ጎማው ከዚህ ካለው የሚጨምረው 8 ነጥብ አይሞላም። ደህና ጎማ ይህን አይሰማውም። ከቦሌ የመጣውን ብስክሌት አውቶቡስ ጣራ ላይ ጭናችሁ የዓባይ በረሃ ፀሐይ ሲጠብሰውም ጎማው 5 ነጥብ ያህል ሊጨምር ይችላል፤ እርሱን ግን ማንም ፈርቶት አያውቅም።

እንዲህም ሆኖ አየር መንገዶች ጎማው እንዲተነፍስ ይጠይቃሉ። ተከራክራችሁ አታሸንፉም፤ ጠረጴዛው ጀርባ ያለችው ልጅ የፊዚክስ መምህር አይደለችም፣ የተጻፈላትን ነው የምትጠይቀው። ስለዚህ አስተንፍሱት። ግን ጨርሳችሁ አታሟጥጡት። በአውራ ጣት ሲጫኑት እንዲሰምጥ፣ ቸርኬው ግን መሬት እንዳይነካ አድርጉት። ጎማው ውስጥ የቀረችው አየር ቸርኬውን ከግጭት የምትጠብቅ ትራስ ናት።

ታዲያ ብስክሌት ለምን ተሰብሮ ይደርሳል? ሰማይ ብስክሌት አይሰብርም፤ የሚሰብረው መሬት ነው። ከመመዝገቢያው ጠረጴዛ እስከ አውሮፕላኑ በር፣ ከአውሮፕላኑ በር እስከ መውጫው፣ ከመውጫው እስከ ቤታችሁ ያለው መንገድ ነው። ተንቀሳቃሽ ቀበቶው ላይ ይጋደማል፣ ጋሪ ላይ ይቆለላል፣ 30 ኪሎ ሻንጣ በላዩ ይጫናል። ክረምት ከሆነ ደግሞ ሜዳው ላይ ዝናብ ይወርድበታል፤ ውሃ የጠጣ ካርቶን ደግሞ ከታች ይቀደድና ብሎኑን አንድ በአንድ ይጥላል። ብስክሌት ከላይ ሰው ተቀምጦበት ቁልቁል ለሚመጣ ክብደት የተሠራ ብርቱ ነገር ነው። ከጎን ለሚመጣ ኃይል ግን አልተሠራም። አስተሻሸጉ ሁሉ ለዚህ ለጎኑ መልስ መስጠት አለበት።

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። በበረራው ዋዜማ ማታ በጥድፊያ የታሸገ ብስክሌትም እንዲሁ ነው። ከሁለት ቀን በፊት፣ በቀን ብርሃን፣ ጨርቅ አንጥፋችሁ ሥሩት።

መጀመሪያ ፔዳሎቹ ይወጣሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይጣላል፣ ምክንያቱም የግራው ፔዳል ጥርስ የተገላቢጦሽ ነው። «ቀኝ፣ ግራ» ብላችሁ አታስታውሱት፤ ቁልፉን ወደ ላይ አቁማችሁ ያዙት፣ ከዚያ ሁለቱም የሚፈቱት ወደ ኋላው ጎማ ሲሳቡ ነው። ባለ 15 ቁልፍ ይበቃል። ከወጡ በኋላ መልሳችሁ ከውስጥ በኩል አትሠሯቸው፤ አንድ ላይ በጨርቅ ጠቅልሏቸው።

ቀጥሎ ኮርቻው ይወርዳል። ከማውረዳችሁ በፊት ቁመቱን በፕላስተር ምልክት አድርጉበት፤ ይህ የውድድር ብስክሌት ለያዘ ሰው ቀልድ አይደለም፣ አንድ ሣንቲ ሜትር ስሕተት ጉልበት ያሳምማል። ከዚያ መሪው ይፈታና ከአካሉ ጋር ትይዩ ሆኖ ይታሠራል። የፊት ጎማ ይወጣል። የፊት ጎማ ሲወጣ የፊት ሹካው ሁለት ጫፎች ባዶ ይቀራሉ፤ ከላይ አንድ ከባድ ሻንጣ ቢያርፍበት ሹካው ይጨመቃል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። በጎማው መሐል ልክ የተቆረጠ እንጨት በሁለቱ ጫፎች መሐል ማስገባትና ማሠር ነው። የብስክሌት ሻጮች ለዚህ የተሠራች ፕላስቲክ አላቸው፤ አዲስ ብስክሌት ከፋብሪካ ሲመጣ አብራው ትመጣለችና አትጣሏት። ብስክሌቱ የዲስክ ፍሬን ያለው፣ ያውም በዘይት የሚሠራ ከሆነ፣ በፍሬኑ ሸራዎች መሐል ወፍራም ካርቶን አጥፋችሁ አስገቡ። ጎማው ሳይኖር መያዣው አንድ ጊዜ ከተጨመቀ ሸራዎቹ ይጋጠሙና ኋላ ማላቀቁ ሥራ ይሆናል።

ከሁሉ የሚሰበረው ግን የኋላ ማርሽ መቀየሪያው ነው። ከአካሉ ወጣ ብሎ ስለተንጠለጠለ መጀመሪያ የሚመታው እርሱ ነው። የተሰቀለባት ትንሽ ብረት ሆን ተብሎ እንድትጎብጥ የተሠራች ናት፤ አካሉ ከሚሰበር እርሷ ትጉበጥ ተብሎ። መፍትሔው መቀየሪያውን በአንዲት ብሎን ፈትቶ፣ ሽቦውን ሳይነካ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ውስጥ፣ በኋላው ጎማና በአካሉ መሐል ማሠር ነው። ያቺን ትንሽ ብረት ደግሞ መለዋወጫ ይዛችሁ ኑ። ዋጋዋ ትንሽ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ብስክሌት የራሱ ዓይነት ስላለው እዚህ አገር ቢፈለግ አይገኝም።

ሰንሰለቱን በአሮጌ ቲሸርት ሸፍኑት። የአካሉን ቧንቧዎች በተቀደደ የውስጥ ጎማ ጠቅልሉ፤ ከዚህ የተሻለ መሸፈኛ ፈረንጅም አልሠራም። ብሎኖቹን፣ ፔዳሎቹንና ቁልፎቹን በአንድ ከረጢት ከቱና ከረጢቱን ከአካሉ ጋር እሠሩት እንጂ ሳጥኑ ውስጥ ልቅ አትተዉት። ምክንያቱም ሳጥኑ ይከፈታል። ፈታሹ በማሽን አይቶት ካልገባው፣ ወይም ሳጥኑ በማሽኑ አፍ ካልገባ፣ እናንተ በሌላችሁበት ይከፍተዋል፤ ሲዘጋው እንደ እናንተ አይጠነቀቅለትም። ስለዚህ ሲከፈት የሚወድቅ ምንም ነገር አይኑርበት። ከክዳኑ ውስጥ የተደራጀውን ብስክሌት ፎቶ ለጥፉበት፤ ስማችሁንና ስልካችሁን ከውጭም ከውስጥም ጻፉ።

ሳጥኑ ከየት ይመጣል? ውጭ ላሉት ቀላል ነው፤ የብስክሌት መደብር አዲስ ብስክሌት የመጣበትን ካርቶን በነጻ ይሰጣል፣ ከመጣልም ያርፋል። ከዚህ ለሚሄድ ደግሞ የሰፊ ቴሌቪዥን ካርቶን ደህና ነው፤ ሰፊና ቀጭን፣ ልክ የሚፈለገው ቅርጽ። ሁለቱን ገጣጥሞ አንድ ማድረግ ይቻላል። የታችኛውን ጠርዝ በላስቲክ መሸፈንን አትርሱ፤ የነገርኳችሁ የዝናብ ነገር አለና።

አሁን ደግሞ የብስክሌተኞች የቆየ ክርክር አለ። አንዳንዶች በተለይ እንግሊዞች፣ ብስክሌትን በካርቶን አትደብቁት፣ በብርሃን አስተላላፊ ትልቅ ላስቲክ ከታችሁ ስጡ ይላሉ። ምክንያታቸው ጫኚው ብስክሌት መሆኑን ካየ አይወረውረውም፣ ሌላ ሻንጣም አይቆልልበትም፣ እየገፋ ይወስደዋል የሚል ነው። ሳጥን ግን ሳጥን ነው፤ ሳጥን ደግሞ ይቆለላል። እኔ በዚህ አባባል እውነት አያለሁ። ጠንካራ የብረት ብስክሌት ከሆነ፣ ላስቲኩ ላይ እፈርዳለሁ፤ የጫኚው ዓይን ከካርቶን ይበልጣል። ካርቦን ከሆነ ግን ሳጥን፣ ያውም ጠንካራ ሳጥን ይሻለዋል፤ ካርቦን ሲመታ የሚሰነጠቀው ከውስጥ ነውና ከላይ ሳይታይ ቀርቶ ቁልቁለት ላይ ጉዱ ይወጣል። አየር መንገዱ «ሳጥን ካልሆነ አልቀበልም» ካለ ደግሞ ክርክሩ እዚያው አበቃ።

ብስክሌትና አውሮፕላን እንዲህ ሲጣሉ ማየት ይገርማል፤ ዝምድናቸው የሥጋ ነውና። ኦርቪልና ዊልበር ራይት አውሮፕላን ከመሥራታቸው በፊት ኦሃዮ ውስጥ ዳይተን በምትባል ከተማ ብስክሌት የሚሠሩና የሚጠግኑ ነጋዴዎች ነበሩ። ታኅሣሥ 1896 ዓ.ም የበረረችው አውሮፕላናቸው ሁለቱን ፕሮፔለሮች የምታሽከረክረው በሰንሰለትና በጥርስ ነበር። ዛሬ የልጅ ልጁ አያቱን በትርፍ ኪሎ ያስከፍላል።

ስለ ኪሎው እንነጋገር። የአየር መንገዶች የተለመደ የሻንጣ ልክ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ ተደምሮ 158 ሣንቲ ሜትር ነው። የብስክሌት ሳጥን 140 በ80 በ22 ያህል ነው፤ ድምሩ 242። በዚህ ሕግ ከሄድን የትኛውም ሙሉ ብስክሌት አያልፍም። የሚያልፈው «የስፖርት ዕቃ» የሚል የተለየ አንቀጽ ስላለ ነው። አንዱ አየር መንገድ ብስክሌቱን ከተፈቀደላችሁ ሻንጣ እንደ አንዱ ይቆጥረዋል። ሌላው ክብደቱ ባይበዛም የተወሰነ ዋጋ ያስከፍላል። ሌላው ደግሞ በቅድሚያ ካልተነገረው ጨርሶ አይቀበልም፤ የጭነት ክፍሉ ቦታ የተወሰነ ነውና። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለብዙ የውጭ መስመሮች በተራው ማዕረግ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ 2 ሻንጣዎች ይፈቅዳል፤ የሀገር ውስጥ በረራ ከዚያ ያነሰ ነው። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ፤ የሰጧችሁን መልስ በጽሑፍ ያዙ። ሁለት አየር መንገድ በሁለት የተለያየ ትኬት ከያዛችሁ ደግሞ ሁለቴ ትከፍላላችሁ፤ አንዱ የከፈላችሁት ለሌላው ምኑም አይደለም።

23 ኪሎ ብዙ ይመስላል፤ ግን ቶሎ ይሞላል። የውድድር ብስክሌት 8 ወይም 9 ኪሎ ሊሆን ይችላል። እኛ የምናውቀው የብረት ብስክሌት፣ እንደ ፎኒክስ ያለው፣ ወደ 20 ይጠጋል። ካርቶን 3 ኪሎ ያህል ነው። ጠንካራው የፕላስቲክ ሳጥን ብቻውን 10 ኪሎ ያልፋል። እንግዲህ ፎኒክስን በጠንካራ ሳጥን መላክ ማለት ለሳጥኑ መክፈል ማለት ነው። በተረፈው ቦታ ልብስ መሸጎጥ ይቻላል፣ ብስክሌቱንም ያቅፍለታል፤ ቡናና በርበሬ ግን ለሌላው ሻንጣ ተዉት፣ በርበሬ ያለበት ሳጥን መከፈቱ አይቀርም።

የባትሪን ነገር ረጋ ብላችሁ ስሙኝ፤ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። በአሁኑ ጊዜ ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን የኤሌክትሪክ ብስክሌት ያያሉ፤ ለጎጃም ዳገት ተስማሚ ነው ብለው ያስባሉ፤ ልክ ናቸው። ነገር ግን ባትሪው በመንገደኛ አውሮፕላን አይጫንም። የሊቲየም ባትሪ ከተጎዳ ራሱን በራሱ ያቀጣጥላል፣ የጭነት ክፍል ውስጥ ደግሞ የሚደርስለት ሰው የለም። ሕጉ የሚለካው በዋት ሰዓት ነው፤ ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ ማባዛት ነው። እስከ 100 ያለው ይፈቀዳል፤ ከ100 እስከ 160 በአየር መንገዱ ፈቃድ ነው፤ ከ160 በላይ አይቻልም። የብስክሌት ባትሪ 36 ቮልትና 10 አምፔር ሰዓት ቢሆን 360 ነው። ከልኩ በእጥፍ አለፈ። ብስክሌቱ ያለ ባትሪ ይመጣል እንበል፤ ያለ ባትሪ የመጣ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ግን አማኑኤል ላይ 25 ኪሎ ብረት ነው። የመብራት ትንንሽ ባትሪዎች ግን በእጅ ቦርሳ ይያዛሉ፤ ሳጥኑ ውስጥ አይቀመጡም። ለጎማ መንፊያ የሚሆኑትን ትንንሽ የጋዝ ቀለሃዎች፣ ቤንዚንና ማጽጃ ፈሳሾችም እዚያው ተዉአቸው። ጎማ መንፊያ አማኑኤልም አለ።

ቦሌ ስትደርሱ ሻንጣ በሚዞርበት ቀበቶ አጠገብ ቆማችሁ ብስክሌቱን አትጠብቁት። ትልቅ ዕቃ በዚያ አይመጣም፤ በጎን በሚገኝ በር ሰው ገፍቶ ያመጣዋል። ሰው ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ብቻውን ቆሞ «ብስክሌቴ ቀረ» ብሎ የሚጨነቅ መንገደኛ በዓለም አየር ማረፊያዎች ሁሉ አለ። ሠራተኛ ጠይቁ። ከዚያ ጉምሩክ አለ፤ የገዛችሁበትን ደረሰኝ ከእጃችሁ አትለዩት፤ የግል ዕቃ መሆኑንና ለንግድ አለመሆኑን በዚያ ታስረዳላችሁ። አንድ ሰው አንድ ብስክሌት ሲይዝና አንድ ሰው አምስት ሲይዝ ነገሩ አንድ አይደለም።

ከውጭ የመጣው በትንሹ አውሮፕላን ባሕር ዳር እንዲደርስ የምታስቡ ካላችሁ፣ የሀገር ውስጡ ኪው 400 ፕሮፔለር ያለው ጠባብ አውሮፕላን ነው። ሳጥኑ ትልቅ ከሆነ በያዛችሁት በረራ ላይጫንና በኋላ ሊከተላችሁ ይችላል። 

ስለዚህ አብዛኛው ብስክሌት የሚመጣው በአውቶቡስ ነው፤ ሐሳባችሁን ሁሉ አውሮፕላኑ ላይ ጨርሳችሁ አውቶቡሱ ላይ አትዘናጉ። ከአዲስ አበባ እዚህ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁልና ሽቅብ ነው። ፖርቶ መጋላ ላይ የተጫነ ሳጥን በእያንዳንዱ ጠመዝማዛ ወደ ጎን ይገፋል። በአውሮፕላን ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ደህና ተሻግሮ፣ አባይ ቁልቁለት ላይ ከላዩ የተጫነ የጤፍ ኬሻ ተንከባሎ የሚያጎብጠው ብስክሌት አለ። ረዳቱ ጣራው ላይ ሆኖ «ወርውረው!» ሲላችሁ አትስጡት፤ ራሳችሁ ውጡ። ብስክሌቱን ካጋደማችሁት የማርሹ ጎን ወደ ላይ ይሁን። ገመዱ በአካሉ ላይ እንጂ በቸርኬው ራጆች ላይ እንዳይጠነክር ተጠንቀቁ። ከላዩም ዕቃ እንዳይጫን ለረዳቱ ትንሽ ጉርሻ ብትሰጡ ከኢንሹራንስ ይሻላል፤ እርሱ የሚያደርገውን እኔ አይቻለሁ፣ የገንዘቡን ያህል ይጠብቃል።

ደርሶ ሲከፈት ተጎድቶ ቢገኝስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው መብቱን ሳያውቅ ያጣል። ለዓለም አቀፍ በረራ የሞንትሪያል ስምምነት የሚባል አለ፤ ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። ሻንጣ ከተጎዳ ከተረከባችሁበት ቀን ጀምሮ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ አለባችሁ፤ ከዘገየ እጃችሁ ከገባበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን። ቀኑ ካለፈ ክሱም አለፈ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከአየር ማረፊያው ሳትወጡ ሳጥኑን ከፍታችሁ ማየትና እዚያው ሪፖርት ማስሞላት ነው። ሳጥኑን ሳይከፍቱ አውቶቡስ ላይ ጭነው አማኑኤል ደርሰው የሚከፍቱ አሉ፤ ከዚያ በኋላ ማን ሰበረው? አየር መንገዱ ነው? አባይ ነው? የጤፉ ኬሻ ነው? ማን ያምናችኋል?

ካሣውም ጣሪያ አለው። ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም ወዲህ ለአንድ መንገደኛ 1,519 ኤስዲአር ነው፤ ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት መለኪያ ሲሆን ጣሪያው 2,000 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነው። ይህ ለአንዱ ሻንጣ ሳይሆን ለመንገደኛው ሻንጣ ሁሉ በአንድነት ነው። ብስክሌታችሁ ከዚያ በላይ የሚያወጣ ከሆነ ሲመዘገብ ዋጋውን አስመዝግባችሁ ተጨማሪ መክፈል ትችላላችሁ። ጠረጴዛው ላይ የምትፈርሙትን ትንሽ ወረቀት ደግሞ አንብቡ። አንዳንዱ «በደንብ ሳይታሸግ የመጣ ነው» የሚል ምልክት አለበት፤ ፈረማችሁ ማለት ኋላ ለመከራከር አፋችሁን ዘጋችሁ ማለት ነው። ከማሸጋችሁ በፊት፣ እያሸጋችሁና ካሸጋችሁ በኋላ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ።

ይህን ሁሉ ከተናገርኩ በኋላ፣ ውጭ ላለው ወንድማችሁ ምን ብላችሁ እንደምትመልሱለት የኔን ሐሳብ ልስጣችሁ። ይዞ ይምጣ። ግን የትኛውን? ባለ ካርቦን፣ ባለ ዘይት ፍሬን፣ በኤሌክትሪክ ማርሽ የሚቀይር ብስክሌት ቢያመጣላችሁ ለሰፈሩ ጉድ ነው፤ አንዲት ነገር ሲጎድለው ግን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ብረት ይምጣ። ብረት ሲሰነጠቅ የከተማችን በያጅ ያስተካክለዋል፤ አሉሚኒየም ግን በዚያው መሣሪያ አይበየድም፣ ካርቦንም ጭራሽ። ጎማው ባለ 26 ኢንች ይሁን፤ የውስጥ ጎማውም ውጭኛውም ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ይገኛል። ፍሬኑ በሽቦ የሚሠራ ይሁን። ባሕር ዳር ስንት ሰው በብስክሌት እየነዳ ሥራ እንደሚገባ አይታችኋል፤ እዚያ ያሉ ጠጋኞች እጅ የለመደው ይህን ነው። ርካሽ፣ ያገለገለ፣ ደህና የብረት ብስክሌት ይዞ፣ በሳጥኑ ባዶ ቦታ የውስጥ ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ ሽቦ፣ ሰንሰለትና ራጅ ቢሞላበት ያ ሳጥን ለአንድ ልጅ ሳይሆን ለአንድ ሰፈር ይበቃል። ቦታ ለጠበበበት ደግሞ እንደ ለንደኑ ብሮምፕተን ያለ ታጣፊ ብስክሌት አለ፤ ትንንሽ ጎማ ያለው፣ ተጣጥፎ ከሻንጣ ልክ ብዙ የማያልፍ። ለአዲስ አበባ ጥሩ ነው፤ ለማቻከል ኮረት መንገድ ግን አልመክረውም፣ ትንሽ ጎማ እያንዳንዷን ድንጋይ ለወገባችሁ ይነግራል።

የምናገረው ይኸው ነው። እዚህ ጠረጴዛው ላይ አንድ የብረት ብስክሌት፣ የቴሌቪዥን ካርቶን፣ ባለ 15 ቁልፍና ሲባጎ አለ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ ወደፊት ቅረቡ፤ ከእናንተ መሐል ጠጋኝ የሆነ የግራውን ፔዳል ይፍታልን። ወደ የት ነበር የሚሳበው?